ሚስስ ዶሮቲ በእኛ የዘር ሐረግ ውስጥ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ኤደን ላስ ቬጋስ ዳር ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው ደወለችልኝ። ስልኳ ላይ የዘር ሐረጋችንን እየሠራች ነው። «አባባ፣ ፕሮብሌም አለ» አለች። እርስዎ ማለት ስለማይመጣላት አንተ ነው የምትለኝ፤ ከእሷ ሲሆን ደስ ይለኛል። «ዳዲ ዳንኤል ታደሰ ነው። አክስቴ ደግሞ ሳራ ወልዴ። ቼክ አደረግሁ፣ ትክክል ነው። ግን ስልኩ አባታቸው አንድ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ታደሰ እኔ ነኝ፣ ወልዴ አባቴ ነው። ዳንኤል ሲወለድ እንደ አገሬ ልማድ የራሴን ስም ከስሙ ቀጥዬ አስመዘገብኩ። ሳራ ስትወለድ ግን አንድ ወዳጄ «እዚህ አገር እኮ ልጅ የሚይዘው የቤተሰቡን የመጨረሻ ስም ነው» ብሎ መከረኝና በአያቷ ስም አስመዘገብኳት። አይ ጣጣ! የአንድ እናትና አባት ልጆችን በወረቀት ባዕድ አደረግኋቸው። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሳቅ ሲያልቅ እንዲህ ነው። ያኔ ሚስስ ዶሮቲ ትዝ አሉኝ።

በስደት ላስ ቬጋስ ስገባ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ክፍል ያከራዩኝ ፈረንጅ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ዛሬ ቻይናታውን ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ነበር፤ ያን ጊዜ ምግብ ቤቶቹ የሉም፣ ባዶ መሬትና አቧራ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። እኔ ዘ ስትሪፕ በሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ አንድ ካዚኖ ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። የሥራ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤታቸው ተቀምጠን ከቆርቆሮ የወጣ የኮክ ፍሬ በቀዝቃዛ ወተት እንበላለን። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የቤተሰባቸውን የጥንት መዛግብት ቅጂ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ!

ዘመዶቻቸው አሜሪካ ገና አሜሪካ ሳትባል ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡ ናቸው። በምሥራቅ በኩል አንዲት መንደር ውስጥ የዘሩ መቃብር አለ፤ ከዘሩ ያልተወለደ እዚያ አይቀበርም። የሚስስ ዶሮቲ ምኞት እዚያ መግባት ብቻ ነበር። «በዚህ በረሃ ብቻዬን መተኛት አልፈልግም። እዚህ ማን መጥቶ ይፈልገኛል?» ይሉኝ ነበር። እኔም ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንኑ ስለራሴ አስብ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ጉድ ነው የሠራሁት። ሁለተኛውን ስም ሁሉ የአባት ስም እያልኩ ሳነብላቸው አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሁሉም የአንድ ሰው ልጆች ሆነው ቁጭ አሉ። «ምን ዓይነት ብርቱ ሰው ነው!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እውነተኛው ችግር ግን ሳሙኤል የሚባለው የጥንት አያታቸው ነበር። የውርስ ወረቀቱ ከዘሩ መጀመሪያ በመርከብ የመጣው የቶማስ ልጅ ነው ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ደግሞ የጎረቤቱ ልጅ ነው ይላል። አንዱ ሲያስደስታቸው ሌላው ያስከፋቸዋል፤ ዓመታት እንዲሁ አልፈዋል። አንድ ቀን ያ ጎረቤት ሚስቱን ተከትሎ በወረርሽኝ መሞቱን አነበብኩና ብድግ አልኩ።

«ማዘር፣ ይሄማ ምን ይከብዳል? ጎረቤቱ ሞተ፣ ቶማስ ልጁን ወስዶ አሳደገ። ሁለቱም ወረቀት እውነት ነው። እኛ አገር ያሳደገ አባት ነው!»

ፊታቸው በራ። ወዲያው መቃብሩን ለሚያስተዳድረው ዘመዳቸው ደወሉ፤ የኔኑ ቃል አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። መልሱን ሰሙ። ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና «በደም ካልሆነ ዘመድ አይደለሽም አለኝ» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እኮ በሩን የከፈትኩላቸው መስሎኝ ነበር! ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት የኮኩን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ብላ፤ ሺፍትህ ደረሰ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ መዛግብቱን አንብብልኝ ብለውኝ አያውቁም፤ ኮኩ ግን አልቀረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነሐሴ አረፉ። ሌሊቱን ዘንቦ የበረሃው ቁጥቋጦ ሽታ ከተማውን ሞልቶታል። የተቀበሩት እዚሁ፣ በፈሩት በረሃ ነው። ከዘር የመጣ የለም። ሰው ያለ ለቀስተኛ አይቀበርም ብዬ አብረውኝ ሰሃን የሚያጥቡትን የአገሬን ልጆች ለምኜ አመጣሁ፤ የማያውቋቸውን አሮጊት «እናታችን» ብለው አለቀሱላቸው። እኔማ ለእሳቸውም ለራሴም ነው ያለቀስኩት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቆየሁና መልሼ ለኤደን ደወልኩ።

«ዳንኤልም ሳራም የኔው ናቸው፤ አንድ ላይ አድርጊልኝ። አንድ ሰው ደግሞ ጨምሪ፤ ሚስስ ዶሮቲ።» ማን እንደሆኑም ነገርኳት።

«ሪሌሽን ምን ልበል? ምረጪ ይላል።»

«እናት በይ።»

«አባባ! እናትህ አለች እኮ፣ እማማ ዘነበች። ሁለት እናት? አንዷ ደግሞ ነጭ? በኋላ የሚያየው ሰው ግራ ይገባዋል።»

«ግራ ይግባው የኔ ልጅ» አልኳት። «ግራ ሲገባው አይደል ማን ናቸው ብሎ የሚፈልገን?»