የካውያ ጣቶች በሲኒማ ሸራ ላይ

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡለት የላውንደሪው ባልደረቦቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ ይውልና፣ ሲመሽ በዚያው እጁ ኦርጋን ሊጫወት ይሄዳል። የሚጫወተው ሮክ ነው፤ ያውም አንዱ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው የሚታጠብበት፤ ምቱን ለመድኩት ሲሉት የሚለዋወጥ ዓይነት ሮክ። ሰው ግን ይወደው ነበር። ቡድኑ መድረክ በወጣ ቁጥር አዳራሹ ጢም ይላል፤ ጭሱ ይለቀቃል፤ ጊታር መቺው ጎፈሬ ከፊት ሆኖ ጸጉሩን ይነሰንሳል፤ ካውያ ከጥግ ሆኖ የዜማውን ሸክም ይሸከማል።

እናቱ አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። «ሰርግ ላይ አይጨፈርበት፣ ለቅሶ ላይ አይለቀስበት፤ ምኑን ዘፈን ሆነ?» ትልና፣ እቤት ሲለማመድ በሯን ትዘጋለች። እሱም ስቆ ያልፈው ነበር እንጂ ነገሩ ሆዱ ገብቷል። አንዲት ጊዜ እንኳ ተቀምጣ ብትሰማኝ፣ ይል ነበር።

ጎፈሬ አብሮ አደጉ ነው። ከአንድ ትሪ በልተው ነው ያደጉት፤ የካውያ እናትም «ሁለተኛው ልጄ» ነው የምትለው። ዝግጅታችን ሊቀረጽ ነው፣ ሲኒማ ቤት ሊታይ ነው ብሎ የምሥራቹን ያመጣውም እሱ ነው። ካውያ ያን ሲሰማ ያሰበው እናቱን ነው። የአዳራሹን ግፊያ ብትፈራ፣ ሲኒማ ወንበር ላይ መቀመጥ አያቅታትም።

በተቀረጹበት ምሽት ከኦርጋኑ ነጭ ቁልፎች አንዷ ዲዳ ሆነችበት። ቢጫናትም አትናገርም። የረጅሙ ዘፈን መሐል፣ እሱ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንም። ጊዜ የለ፣ ምን ያድርግ? ጉድጓድ እንደሚዘል ሰው እየዘለላት ዜማውን በጎን በኩል አዞረውና፣ በዕድሜው ተጫውቶ የማያውቀውን ተጫወተ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲጨርሱ ጎፈሬ አንገቱን አቅፎ ሳመው።

ፊልሙ የታየው እሁድ ከሰዓት ነው። እናቱን ደግፎ አስገብቶ ከጎኑ አስቀመጣት። ያ ቦታ ሲደርስ ጣቶቹ ሸራውን ሞልተው መጡ፤ ካውያው ያቃጠለው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ጣቱ ዲዳዋን ቁልፍ ዘለላት። ቁልፏ ግን ጥርት ብላ ጮኸች። ጆሮዬ ነው አለ በመጀመሪያ። ከዚያ ዜማው ቀጥ ብሎ መጣ፤ ያኔ በጭንቅ ያዞረው ሁሉ የለም። እጁ የእሱ፣ ድምፁ የሰው። ዞር ቢል እናቱ መሐረቧን አውጥታ ታለቅሳለች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ፊልሙ ሲያልቅ፣ በሩ ላይ ሰው የከበበውን ጎፈሬን እጅጌውን ይዞ ወደ ጥግ አወጣው። ጎፈሬም አልካደም። የዚያን ምሽት የኦርጋኑ ድምፅ እንከን ነበረው፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው የሚስቴ ወንድም ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ተጫወተው አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

«አልልም።»

«ለዚያ ነዋ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ደግሞ እማማን እያት፣ ደስ ብሏታል። አታበላሽባት።»

እቤት ሲደርሱ እናቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ያቺን ቦታ እስቲ ተጫወትልኝ አለችው። ስንት ዓመት የጠበቃት ቃል ናት። ተቀምጦ የዚያን ምሽቱን፣ የራሱን፣ እያዞረ እየዘለለ ተጫወተላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

«ደክሞሃል ልጄ» አለች። «እዚያ ያለው ይሻላል።»

«እማ፣ እዚያ የሰማሽው እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነው።»

ሳቀች። «እጅህን ሳላይ ቀርቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ከሥሩ ጀምሮ ሁሉንም ዘርዝሮ ነገራት። እየሰማች ፊቷ እየከበደ መጣ፤ ግን የከበደው በጎፈሬ ላይ አልነበረም። ያ ልጅ ምን በደለህ፣ በሲኒማ ባወጣህ? ቅናት ደግ አይደለም፣ ወንድምህ ነው ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ትኬቶች አወጣች። ስንወጣ በእጄ ያስያዘኝ እሱ ነው፣ ነገ ጎረቤቶቼን ይዤ ልሄድ ነው አለች።

«ልጄን አሳያቸዋለሁ» አለችው።

ካውያ ትኬቶቹን አያቸው። ጎፈሬ ይህንንም ቀድሞ አስቦበት ኖሯል።