ቁም፣ ቦራ!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የፎገራን ጥቁር አፈር ሳርስ አድጌ፣ የጭነት መኪና ካልነዳሁ ብዬ ተነሣሁ። ወረታ ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ በመሪ ፈንታ ሰፌድ እያስያዘ፣ «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ!» እያለ መንዳት ያስተምር ነበር። እሱ ጋ ልጀምር ስል፣ እግዜር ይስጠውና አንድ መንገደኛ ሾፌር፣ «የሱ ትምህርት መንጃ ፈቃድ አያሰጥህም። መንግሥት መዝግቦ የሚያውቀው ትምህርት ቤት ጎንደር ነው» ብሎ ራሱ ጭኖ አደረሰኝ።

አስተማሪው ጋሼ ተሰማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገና በመጀመሪያው ቀን መሪ አስይዘውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፊታችን ላም ገባች። ያሳዩኝ ፍሬን ከነመኖሩም ተረሳኝ። መሪውን እንደ እርፍ ጨብጬ፣ «ቁም፣ ቦራ!» ብዬ በበሬዬ ስም ጮህኩ።

መኪናው ቆመ!

ታዘዘልኝ ብዬ ስደነቅ፣ ለካ ጋሼ ተሰማ የእጅ ፍሬኑን ስበውታል። አሁን ይስቁብኛል ስል፣ አገጫቸው ላይ ያለውን ትልቅ ጠባሳ ዳሰስ አደረጉ።

«የኔው በሬ ዳለቻ ይባል ነበር» አሉኝ። «ብጠራው፣ ብጠራው አልቆመም። እኔ የተማርኩት እዚያው ወረታ፣ በሰፌድ ነዋ!»