የግድግዳችን ወፍ

ልጅ ሳለሁ አንዲት ወፍ እጠረጥር ነበር። ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ለሁለት በተከፈለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ በወዲህ እኛ፣ በወዲያ ጋሽ ሙሄና ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ፣ በመካከላችን አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ።

መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢው ልጆች ጋሽ ሙሄ በር ላይ እንሰበሰባለን። እሳቸው ፍሙን በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ፣ በቆሎ እየጠበሱ ተረት ይነግሩናል፤ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለውም የሚነሳ ልጅ አልነበረም። በተረታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም። ከድንቢጥ ታንሳለች፣ ጭራዋን ሽቅብ ትቀስራለች፣ በግድግዳ ስንጥቅ ገብታ የሰው ምስጢር እየሰማች ለንጉሡ ታደርሳለች።

አንድ ማታ እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ምን ትበላለች?» አልኳቸው።

«ወሬ ነዋ! ሌላ ምን ትበላለች?» አሉና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንቺ ሚጢጢ፣ ትናንት ምሳሽን ለድመት አልሰጠሽም? እሷ ናት የነገረችኝ።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። እኔ ግን በቆሎዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮታችን ዞርኩ። የድመቷን ነገር የነገርኩት ለእማዬ ብቻ ነበር፣ ያውም ቤት ውስጥ። ደግሞም እንደዚያች ያለች ወፍ ከመስኮታችን አጠገብ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ትኖር ነበር።

በዚያው ሰሞን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እማዬ፣ «ቁልፉን እስክንረከብ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ የሰው ዓይን አለ» አለችኝ። እኔስ ትንፍሽ አልልም፤ ወፏስ? ምስጢሩ ከወጣ ቤቱ የሚቀርብን፣ ጥፋቱም የኔ የሚሆን መሰለኝ።

ስለዚህ እከታተላት ጀመር። ዳቦ ፈርፍሬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ዞር ብላም አላየችው። ሩዝም አልነካችም። ዳቦ የማትበላ ወፍ ሰው ቤት ምን ትሠራለች? ቅዳሜ ጠዋት ስትወጣ ጠብቄ ቀዳዳዋን በአሮጌ ካልሲ ወተፍኩት።

ተመለሰች። አፏ ውስጥ አረንጓዴ ትል ነበር። ትሉን ሳትለቅ በካልሲው ዙሪያ ስትፈራገጥ ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ሰማሁ። ጫጩቶች! ቶሎ ብዬ ካልሲውን መዝዤ አወጣሁት።

ከዚያ ጥግ ይዤ አየኋት። ሸረሪት ታመጣለች፣ ትል ታመጣለች፣ ደግሞ ሸረሪት። አፏ ሲሞላ ወደ ጫጩቶቿ፣ ባዶ ሲሆን ወደ አጥሩ ቁጥቋጦ። ታዲያ ጋሽ ሙሄ ዘንድ የምትደርሰው መቼ ነው?

ግራ ገብቶኝ ቤት ገባሁና አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የእትዬ ዘሃራ ድምፅ መጣ።

«ጎተራ ሊገቡ ነው እኮ። ምነው ለኛ እንኳ ሳይነግሩን?»

«ተይ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «እስኪነግሩን ድረስ አልሰማንም።»

ቁልፉ በእጃችን ሲገባ እማዬ ልትነግራቸው ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አጃኢብ ነው!» ብለው ጋሽ ሙሄ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «መቼ? የት? ምንም ሳንሰማ?» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። እማዬ አመነቻቸው። እንባው እንኳ እውነት ይመስለኛል።

አሁን ግድግዳችን ብሎኬት ነው፤ የጎረቤቶቻችንን ስም በቅጡ አናውቅም። ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ግን ለአንድ ሰው የምሥራች ስነግረው ከልክ በላይ ሲደነቅልኝ፣ ቀድሞ ሰምቶ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሰምቶ ከሆነም ደስ ይለኛል።