ውኃው እስኪሞላ

ጋራዥ ውስጥ በርሜል የሚሉት ሰውዬ መጠጥ ያቆመ ሰሞን የሰፈሩ መጠጥ ቤቶች ሐዘን ተቀመጡ ይባላል፤ አንደኛው ጭራሽ ተዘግቶ ጫማ መሸጫ ሆነ። ስሙ የወጣለት በውፍረቱ እንዳይመስላችሁ፤ እንኳን ሊወፍር፣ ነፋስ ሲነሳ ምሰሶ አቅፎ የሚቆም ሰው ነው። በመያዝ አቅሙ ነው የወጣለት።

ሰው ሲድን ጎረቤት ደስ ይለዋል የሚል ካለ፣ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም። በርሜል ከሱስ ማገገሚያው ሲመለስ ጉንጩን የሚስመው ሁሉ ከንፈሩን ትቶ አፍንጫውን ነበር የሚያስጠጋው። ከረሜላ ሊገዛ ቢሄድ ባለሱቋ፣ "ምኑን ልትሸፍንበት ነው?" አለችው። ከሁሉ የባሰችው ያስጠጋችው ታላቅ እህቱ ናት። ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ጠብቃ "እህ በል!" ትለዋለች፤ ጥርሱ እንደሚታይ የገበያ ፈረስ አፉን ከፍቶ ይተነፍስላታል። "አንድ ቀን ከሸተትከኝ ፍራሽህ ደጅ ነው" ብላዋለች። እሷ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ጋራዡ ውስጥ፣ ድሮ እጁ የተባረከ በያጅ የነበረ ሰው መጥረጊያ ተሰጠው። ምክንያት አለው፤ የብየዳ ብልጭታ ካየ ዘሎ ከጎማው ክምር ጀርባ ይገባል። ታናሽ ወንድሙ እዚሁ ግቢ የነዳጅ ታንከር ሲበይድ ፈንድቶበት የሞተ ዕለት አጠገቡ ነበር። መጠጡን የጀመረው ከቀብር መልስ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለሚያውቁም ነው መካኒኮቹ ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ከኋላው ቆርቆሮ የሚጥሉት። ሲዘል ያዩትና፣ "ከትናንት ይሻላል፣ ከፍታው ጨምሯል!" ይላሉ።

የማገገሚያው አማካሪ፣ "ፍርሃት ሲይዝህ እግርህን መሬት ላይ ትከልና የምትሰማውን ነገር አንድ በአንድ ጥራ" ብላዋለች። ምክሩ ግሩም ነው። ችግሩ ጋራዥ ውስጥ ከስድብ ሌላ የሚሰማ አለመኖሩ ነው። በርሜልም ከጎማው ጀርባ ሆኖ፣ "ደነዝ... ቦቅቧቃ... የጎማ ሙሽራ..." እያለ ይጠራል። የሚገርመው ይሠራል፤ ልቡ ረጋ ይላል።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ከአትክልት ጭነት መኪናው የሚያፈሰውን የነዳጅ ታንከር አስፈትቶ ይዞ መጣ። በያጁ ዓይኑ አብጦ ቀርቷል። ሹፌሩ "ጭነቴ መንገድ ላይ ሊበሰብስ ነው!" እያለ ግቢውን አናወጠው። የጋራዡ ባለቤት ግራ ቀኝ ሲያይ ዓይኑ በርሜል ላይ አረፈ።

"አንተ! ና ወዲህ!"

"እኔን ነው፣ ጋሼ?"

"የለም፣ መጥረጊያውን ነው! ና እንጂ!"

ከመሳቢያው ጠርሙስ አወጣና አንድ ብርጭቆ ሞልቶ ቀዳ።

"እንካ፣ ለድፍረት። በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጅህ ብረት እንዳታበላሽብኝ። ታንከሩ እንደሆነ ባዶ ነው፣ አይነክስህም።"

ባዶ ነው። ያን ዕለትም ባለቤቱ ለበርሜል ወንድም ያለው ይህንኑ ነበር። ነዳጁ ቢያልቅ ትነቱ ውስጡ እንደሚቀር፣ የሚፈነዳውም እሱ እንደሆነ በያጅ የተባለ ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህ ነው እሳት ከመንካቱ በፊት ታንከሩን እስከ ስንጥቁ ድረስ ውኃ የሚሞላው። ያን ዕለት ግን ችኮላ ነበር።

የብርጭቆው ሽታ በርሜልን ጠራው። እጁ ሄዶ ብርጭቆውን ያዘ። መካኒኮቹ መፍቻቸውን አስቀምጠው ቆሙ። እግሩን መሬት ላይ ተከለና በሹክሹክታ መጥራት ጀመረ፤ "ሹፌር ይሳደባል... ጋሼ ይሳደባሉ... እነዚህ ይስቃሉ... ቧንቧ ይንጠባጠባል..."

ቧንቧ!

ብርጭቆውን መሬት ላይ ደፍቶ፣ የጎማ ቱቦውን እየጎተተ መጣ።

"ምን ልትሆን ነው?" አለ ባለቤቱ።

"ውኃ ልሞላ ነው።"

"ያ እስኪሞላ ሊመሽ አይደል እንዴ!"

"ይምሽ።"

"አባርርሃለሁ!"

"ታዲያ ማን ይበይድልዎታል፣ ጋሼ? መጥረጊያው?"

የስድብ ዶፍ ወረደ። ሹፌሩ "ታንከር ነው ሕፃን የምታጥበው?" አለ፤ መካኒኮቹ ሳሙና አመጡለት። በርሜል ግን መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ፤ ቅዝቃዜው ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ በእጁ እየተከተለ። ስንጥቁ ሥር ሲደርስ ቧንቧውን ዘጋና ማስኩን አጠለቀ።

የመጀመሪያዋ ብልጭታ ስትወጣ ጉልበቱ ብቻውን ወደ ጎማው ሊሄድ ነበር፤ እጁ እምቢ አለ። ይሄኔ አንዱ ከኋላው ቆርቆሮ ጣለ። በርሜል ዘለለ፣ ወረደ፣ ማስኩን ገልጦ "ጨረስክ?" አለውና ወደ ሥራው ተመለሰ። የብየዳው ስፌት ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ ግን ጠብ አላለም። ባለቤቱ አመሰገነው ማለት ውሸት ነው፤ "ግቢዬን አጨቀየኸው" ብሎ ጭቃውን አስጠረገው።

ቤት ሲደርስ እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"እህ በል!"

ጠጋ አለች። አፉን አሽትታ ወደ ሸሚዙ ወረደች። ፊቷ ተለወጠ። የተቃጠለ ብረት ሽታ እቤቷ ሲገባ፣ ታናሽ ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"ማን በይድ አለህ? አንተም ልትቀበርብኝ ነው?"

"ውኃ ሞልቼ ነው፣ እትዬ።"

"ያኔስ? ያኔ ውኃ ጠፍቶ ነበር?"

በርሜል ሰክሮ ስለ ጨረቃም ስለ መንግሥትም ሲለፈልፍ ኖሯል፤ ስለዚያች ቀን ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ከንፈሩ ላይ ስትደርስ በመጠጥ ነበር ወደ ሆዱ የሚመልሳት።

"ቧንቧው እዚያው ነበር" አለ።

"እና?"

ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፤ እጁ በልማድ ብርጭቆ ፈለገ። እህቱ ጓዳ ገብታ አንድ ጣሳ ውኃ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ጓ! አድርጋ አስቀመጠችው፤ ግማሹ እላዩ ላይ ተረጨ።

"ጠጣ፣ አጋሰስ! ጠጣና ንገረኝ። ከመጀመሪያው። ብትዋሸኝ ፍራሽህ ደጅ ነው።"

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ በርሜል አይደል? ከዚያ በእጅጌው አፉን ጠርጎ፣ ከዚያች ቀን ጠዋት ጀመረላት።