ደም የቀላቀለ ምራቅ

ሀቢቾ በምትባል የገጠር መንደር ወባ እናትና አባቱን ሲጨርስ፣ ትንሹ ጠና ለጥቂት ተረፈ። ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ መፋቂያ እየሸጠ አደገ፤ ሙሉመቤትንም አገባ።

አንድ ቀን ነርሶች የድድ በሽታ ሊመረምሩ መናኸሪያው መጡ።

«መርፌ የለውም እናቴ፤ ምራቅዎን እዚህች ብልቃጥ ውስጥ መትፋት ብቻ ነው» አለቻት አንዷ፣ ከጠና ጎን ተቀምጣ የነበረችውን ሙሉመቤትን። «ድድዎ ይደማል?»

«የመፋቂያ ሻጭ ሚስት ድድ ይደማል እንዴ!» ብላ ሙሉመቤት ደንበኞቹን አሳቀቻቸው። ጠናም በኩራት ሳቀ። እሷ ግን ደም የቀላቀለ ምራቋን ዋጠችው።

ከዓመታት በኋላ ጥርሶቿ ተራ በተራ ወለቁ።

«ያን ጊዜ ለምን ደበቅሽ?» አላት።

«ብናገር ማን ካንተ ይገዛ ነበር?» አለችው፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ከዚያ ወዲህ ስቃ አታውቅም።

«ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሳቋ ነበር» ይላል ጠና። «ለእኔ ክብር ብላ አጣችው።»