አንድ ዓይን ያላት መምህርት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ነው። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። ቢሆንም አሁን ድረስ ቾክ ይዤ ወደ ሰሌዳ በዞርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ብሆንም ፊቴ ይቀላል።

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሳልደብቅ ልናገርና እጄ ጥሩ ነው። በባለቀለም ቾክ ታንኳ ከነቀዛፊው፣ ከነውሃው ሰሌዳ ላይ ስሥል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጆቹ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ደወል ሲደወል ሰሌዳውን ማጥፋት ያሳዝነኝ ነበር።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ በቦታዬ ፈንታሁን የሚባል ወጣት ተተካ። ደቅ ደሴት ያደገ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያድሱ ሰው ናቸው። እሱ ግን የሥዕል መምህር አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ ሲታመም ሒሳብ፣ የስፖርቱ ሲቀር ስፖርት የሚገባ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ነበር። እኔም «ልጆቹ እንዳይረብሹ ይጠብቅልኝ እንጂ ምን ያስተምራል» ብዬ አራስ ቤት ተኛሁ።

ቃልኪዳን የምትባል የጎረቤታችን ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት፤ የእኔው ተማሪ። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል።

«ምን ነክተሽ ነው?» አልኳት።

«እርድ ነው ቲቸር። ቲቸር ፈንታሁን በእርድ ቀለም አሠራን። በከሰልና በቀይ አፈርም ሣልን። ብሩሻችን ደግሞ ታንኳ የሚሠሩበት የሐይቁ ደንገል ነው፤ ጫፉን አኝከን አኝከን!»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

በሌላ ቀን መጥታ ስለ ሳጥኑ ነገረችኝ። ፈንታሁን አሮጌ የፈተና ወረቀት እየቆረጠ፣ በየጀርባው አጭር አጭር ሥራ ጽፎ በካርቶን ሳጥን ከትቷል። በየትኛውም ትምህርት የተሰጠውን ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ተነሥቶ አንድ ካርድ ያወጣል። አንዱ ካርድ «የዋንዛ ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገህ በእርሳስ እሸው» ይላል። ሌላው «የጓደኛህን እጅ እያየህ ሣል፤ ወረቀቱን አትይ» ይላል። ነጥብ ደርድረው፣ እርሳስ ሳያነሡ ሐረግ የሚሠሩበትም አለ፤ ያ በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የምናየው የተጠላለፈ ጌጥ።

«አሁን እኮ ሁሉም ቶሎ ለመጨረስ ነው የሚሽቀዳደም» አለችኝ። «ሒሳብ እንኳ!»

እርር ድብን አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቲቸር፣ ጨረስሁ» ያለኝን ልጅ «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» ነበር የምለው። ይህ ሐሳብ ለእሱ ሲመጣለት ለእኔ እንዴት አልመጣልኝም? ልጄን እያጠባሁ የማስበው ስለ ካርቶን ሳጥን ሆነ። ባለቤቴ «በንዴት አታጥቢያት፣ ሆዷን ያማታል» እያለ ይስቅብኛል።

ፈቃዴ ሲያልቅ ርዕሰ መምህራችን አቶ ሙላት ቢሮ አስጠሩኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉና ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ፈንታሁንን በቋሚነት ሊቀጥሩት አስበዋል። የታችኞቹን ክፍሎች ሥዕል እሱ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን እኔ እንድንካፈል ነው።

«ልጆቹ ወደውታል» አሉኝ።

እኔን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ የለም።

ከቢሮ ወጥቼ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተዋል። የኋላው ግድግዳ በሥዕል ተሞልቶ፣ ከላይ በትልቁ «የሚያስተምሩን ሰዎች» ተብሎ ተጽፏል። ፈንታሁን እንቁላል በሚያካክሉ ሁለት ዓይኖች ፊት ለፊት ያየኛል። የሳይንስ መምህሩ አሉ። ባያስተምሩም እንኳ በረኛው ጋሽ ዓለሙ ሳይቀሩ ሁለት ዓይን አግኝተዋል። እኔን ፈለግኩ። ስሜ የተጻፈባቸው አራት ሥዕሎች ነበሩ። በአራቱም ፊቴ ወደ ጎን ዞሯል። በአራቱም ያለኝ አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጣና ገዳማትን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ ይሁዳም ጭምር፣ ፊታቸው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። የመሪጌታ ልጅ ይህን ሳያስብ አስተማረ ብሎ ማን ያምናል?

አንዱን ሥዕል ነቀልኩት። ከሥሩ የሣለችው ልጅ ስም አለ፤ ቃልኪዳን። አራስ ቤት እየመጣች ልጄን የምታቅፍልኝ ልጅ!

ቀጥ ብዬ ወደ አቶ ሙላት ተመለስኩ። «ልጆቹን በእኔ ላይ እያነሣሣብኝ ነው። ይኸው፣ ከሰይጣን ተርታ አሰልፎኛል» አልኳቸው። በዚህም አላበቃሁም። ክፍል ውስጥ ስሜን እያነሣ እንደሚያማኝ፣ ያልሰማሁትን የሰማሁ አስመስዬ ጨመርኩበት። ከሁሉም የማፍረው በዚህች ነው።

አቶ ሙላት ቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ሰው ናቸው። ሥዕሉን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ይኸማ ነውር ነው» አሉ። ፈንታሁንን በቋሚነት መቅጠሩ ቀረና ውሉ በዚያው ሳምንት አበቃ። ምክንያቱን የነገረው የለም። ቦርሳውን ይዞ በግቢው በር ሲወጣ በመስኮት አየሁት። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። ባለቀለም ቾኬን አውጥቼ ታንኳዬን ጀመርኩ። ነገሩ ግን ከነከነኝ፤ ያሸነፍኩትን ሰው ጥፋት ከልጆቹ አፍ መስማት አማረኝ።

«ቃልኪዳን፣ እኔን ለምን በአንድ ዓይን ሣልሽኝ? እንዲህ ሣሏት ያላችሁ ማነው?»

ልጅቷ ደንግጣ ተነሣች። «ማንም አላለን ቲቸር። ሁላችሁም የሚያስተምራችሁን ሰው እንደምታዩት ሣሉ ብቻ ነው ያለን።»

«ታዲያ ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?»

«በሰሌዳው በኩል ነዋ!» አለች። ይህን አለማወቄ ገርሟታል። «እርስዎ ሁልጊዜ ሲሥሉ እኛ በዚህ በኩል ብቻ ነው የምናይዎት።»

ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዱ «እኔ ጆሮዎን አሳምሬ ሣልሁት እኮ ቲቸር» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ።

ቾኩ በእጄ ነበር። ያንን ስሰማ እንኳ ግማሽ ሰውነቴ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን በቀላሉ የሚለቀም አልሆነም። ለአቶ ሙላት ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጨመርኩትንም። መነጽራቸውን አውልቀው «ምነው መሠረት» አሉ። ፈንታሁንን ሊመልሱት ቢደውሉ ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። እሑድ ራሴ ደወልኩለት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ዘግቼ፣ በአራተኛው ነው ያስጠራሁት። ሁሉንም ተናዘዝኩለት።

«ምን አጥፍቼ ይሆን እያልሁ ስንት ቀን ራሴን ስመረምር ከረምሁ» አለኝ በመጨረሻ። ተቀይሟል፤ ቢቀየምም አይፈረድበትም።

ይቅርታ ለመንኩት። «እግዜር ይቅር ይበለን» አለ። ከዚያ «ሳጥኑን አገኙት?» አለኝ።

«የቱን ሳጥን?» አልኩት፣ አሳምሬ እያወቅኩ።

«ቀድመው ለሚጨርሱት ነዋ። ቁም ሳጥኑ ላይ ትቸልዎታለሁ። እርስዎም ይጨምሩበታል ብየ ባዶ ካርድ ከትቸበታለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አለቀስኩ። በቅናት ይሁን በጸጸት አሁንም አላውቅም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ባዶዎቹን ካርዶች ሞላኋቸው። ታንኳዬን በአምስት ደቂቃ ሥዬ፣ ቾኩን አስቀምጬ በዴስኮቹ መካከል መዞር ለመድኩ። የነቀልኩትን ሥዕል በቦታው መልሼ ለጠፍኩት። ልጆቹ ግን ከሳጥኑ ካርድ ሲያወጡ የእሱን የእጅ ጽሑፍ እየፈለጉ ነበር። አያለሁ። አይቼ ዝም እላለሁ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ቃልኪዳን አዲስ ሥዕል አመጣችልኝ። ፊቴ ወደ ፊት ዞሯል፤ ሁለት ዓይን አለኝ። ከፈንታሁን ሥዕል አጠገብ ለጠፍነው። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቄ ማስመሪያ አነሣሁ።

የእሱ ዓይኖች በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ።