የቀዳሁት ምርቃት

እኔ ቁጡ ነኝ፤ የሰው ኮድ ሰርቀሻል የሚለኝ ከመጣ ደግሞ ይብስብኛል። ስለዚህ የበዓላትና የአጽዋማት ማስያውን ለስልክ እንደ አዲስ ስጽፍ እናቴና ጓደኞቿ ለዓመታት የተጠቀሙበትን የድሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮድ በዓይኔ አላየሁም። ያየሁት ሲሠራ ብቻ ነው። ያ አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ ስላለ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ እየደወሉ መከራዬን ያበሉኝ ነበር። በነጻ፣ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ላይሰንስ፣ ለእንቁጣጣሽ ላወጣው ቃል ገባሁ።

ፐብሊሽ ላደርግ ስል እዚህ አሜሪካ፣ ዲኬተር ከተማ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ አየችው።

"ኮዱ የራስሽ ነው። ባሕረ ሐሳቡም የማንም አይደለም፣ ፋይን። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚወጣው ጽሑፍስ?"

"እሱማ ምርቃት ነው! ምርቃት ባለቤት አለው እንዴ?"

«ከደጅዎ እንግዳ፣ ከቤትዎ ሳቅ አይጥፋ» ይላል። የአገር ምርቃት መስሎኝ ከአሮጌው ቃል በቃል ቀድቼዋለሁ። እናቴን ብጠይቃት ከዚያ ፕሮግራም በቀር የትም አልሰማችውም። ክው አልኩ! አሮጌው ደግሞ ሲከፈት «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» ይላል። ዝም ብዬ ባወጣው፣ ሐበሻ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ሌባ መባሌ ነው። ላጥፋው ስል እናቴ "ያለ ምርቃት የሚዘጋ ነገር ስልኬ ላይ እንዳትጭኚ!" አለችኝ።

የአሮጌው ፕሮግራም ባለቤት እዚሁ አቅራቢያችን ፓይን ሌክ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ብደውል "በስልክ አይሆንም፣ ነይ" አሉኝ። ሄድኩ። ስልኩን ተቀብለው ፋሲካውን አዩ፣ ፍልሰታን አዩ፣ ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁ። ሲዘጉት ምርቃቱ ወጣ።

"ይቺን ማን ሰጠሽ?"

"ማንም አልሰጠኝም አባባ፤ ከእርስዎ ወሰድኳት። ካልፈቀዱ አሁኑኑ አጠፋታለሁ።"

"ስሌቱን እኔም ከአባቶች ነው ያገኘሁት፤ እንዳሻሽ። ምርቃት ግን ይሰጣል እንጂ አይወሰድም፣ ልጄ።"

ስልኬን ልቀበል እጄን ብዘረጋ "ቆይ፣ ተነሺ" አሉ። ተነሳሁ። እሳቸውም ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ከደጅሽ እንግዳ፣ ከቤትሽ ሳቅ አይጥፋ።"

"አሜን!"

"በቃ፣ ያንቺ ናት። ለፈለግሽው ስጪ።"

እፎይ! እንባዬ መጣ። ቢሆንም ያደግኩት አሜሪካ ነውና "አባባ፣ በኢሜይልም ይጻፉልኝ" አልኳቸው።

"አሜን ብለሽ ደግሞ ኢሜይል?" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ጻፉልኝ። ላይሰንሱ ግርጌ ላይ ግን ኢሜይሉን አልጠቀስኩም፤ «ምርቃቱ በባለቤቱ አንደበት ተሰጥቷል፤ የምትወስዱ አሜን በሉ» ብዬ ጻፍኩ።